ስትጎትት የምትነጥር ፒክአፕ፦ አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን መዘገብኩት

መኪና ሲነጥር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሾክ አብዞርበሩን ነው። ሾኩ ይቀየራል። አልሆን ሲል ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ፣ ይጨመራል። ብር ይወጣል፣ መኪናው ግን መንጠሩን አይተውም። እዚህ የምጽፈው፣ ክብደት በመጎተት ውድድር የምትሳተፍ የአንዲት ፒክአፕ ጉዳይም እንደዚያ ሆኖ ነው እጃችን የገባው። መላ ያገኘንለት ጉልበቱ የት እየተጠራቀመ በድንገት እንደሚለቀቅ በዓይናችን ካየን በኋላ ነው። ሌላ መካኒክ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመው ከዜሮ እንዳይጀምር ብዬ ሁሉንም አስቀምጬዋለሁ።

ሥራው የተሠራው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ነው። ኮሎምበስ አጠገብ ባለ ጋራዥ የናፍጣ መካኒክ ነኝ። አዘውትረን የምንሠራው የረጅም መንገድ የጭነት መኪኖችን ነው፤ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹም የአገራችን ልጆች ናቸው። የዚህች ፒክአፕ ባለቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ወጣት ገበሬ ነው። የአባቱን የእህል መኪና ስንሠራ ስለቆየን ነው ወደ እኛ ያመጣት። በሥራው አብሮኝ የነበረው ብየዳ የተካነ የጎንደር ልጅ ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀውን ክለብም እንደዚያው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ ምን ዓይነት ነው

ኦሃዮ ውስጥ በጋ ሲገባ በየካውንቲው የገበሬዎች ትርኢት ይደረጋል። ቀን ከብት ይታያል፣ ይሸለማል። ማታ ደግሞ ትራክተርና ፒክአፕ ክብደት ይጎትታሉ። እዚያ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የብሔራዊው የትራክተር ጎታቾች ማኅበር የተመሠረተው በ1969 ነው። ቦውሊንግ ግሪን በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ትልቅ ውድድር አለ፤ ዛሬም ነሐሴ ላይ ሜዳው በሰው ይሞላል።

የሚጎተተው ነገር ስሌድ ይባላል። ከፊቱ መሬት ላይ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ከኋላው ጎማ። ላዩ ላይ በጣም ከባድ የክብደት ሣጥን በሐዲድ ላይ ተቀምጧል። ሲነሳ ሣጥኑ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ስለሆነ ስሌዱ በቀላሉ ይንከባለላል። መኪናው ሲጎትተው ሣጥኑ በሰንሰለት እየተሳበ ወደ ፊት ይመጣል። ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ክብደቱ ከጎማው ላይ ወርዶ ጠፍጣፋው ብረት ላይ ያርፋል፣ ብረቱም አፈሩን ይነክሳል። መኪናው በሄደ ቁጥር ሸክሙ እየባሰበት ይሄዳል ማለት ነው። ሙሉ ጉተታ የሚባለው ብዙ ጊዜ 300 ጫማ ነው፣ 91 ሜትር ገደማ። እዚያ ሳይደርስ የቆመ ሁሉ የቆመበት ርቀት ይለካለታል። ይህ ማሽን ሳይመጣ በፊት ሰዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይቆሙና ስሌዱ አጠገባቸው ሲደርስ አንድ በአንድ ይወጡበት ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሸክሙ የሚከብደው ከመነሻው ላይ ሳይሆን ከመሐል ጀምሮ ነው። የዚህች መኪና መንጠርም የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነበር።

መኪናዋ

የ2006 ስሪት ዶጅ ራም 2500 ናት። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ነው። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ከኋላ ወጥ አክስል በባሌስትራ ተይዟል። ከፊትም ወጥ አክስል ነው፣ ግን በሞላ (በጥቅልል ስፕሪንግ) እና ወደ ሻንሲው (ወደ መኪናው የብረት አጽም) በሚሄዱ ክንዶች የተያዘ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 357 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሰኞ እስከ ዓርብ ድርቆሽ የጫነ ተጎታች ትስባለች፣ ቅዳሜ ማታ ትወዳደራለች። ሥራውን ያከበደውም ይኸው ነው። ለውድድር ብቻ የተሠሩ መኪኖች ላይ የኋላ ባሌስትራውን በብረት ቆልፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል፣ የሚፈቅዱ ምድቦች አሉ። የእሷ ምድብ ግን ባሌስትራውና ሞላው እየሠሩ እንዲቆዩ ያስገድዳል። ባለቤቱም ቢሆን የሥራ መኪናውን ማጣት አይፈልግም።

ደንቡ ሌላም ነገር ይላል። የመጎተቻው መንጠቆ ከመሬት ከ26 ኢንች በላይ መሆን የለበትም፣ 66 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጎማው ለመንገድ የተፈቀደ ዓይነት ይሁን። ክብደቷ ከነተጨማሪው 8,000 ፓውንድ፣ ማለትም 3,600 ኪሎ ገደማ አይለፍ። አክስሉ እንዳይጠማዘዝ የሚደግፍ ዘንግ መግጠም ይፈቀዳል። ደንብ ከክለብ ክለብ ስለሚለያይ መፍቻ ከማንሳታችን በፊት የእሱን ክለብ ወረቀት ቁጭ ብለን አነበብነው። ይህን ሳያደርጉ ብዙ ብር አፍስሰው ሜዳ ላይ የተመለሱ ሰዎች አሉ።

ችግሩ

ስትነሳ ደህና ናት። 50 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ኋላዋ መርገብገብ ይጀምራል። ወዲያው መርገብገቡ ወደ ድለቃ ይለወጣል። የኋላ ጎማዎቹ አፈሩን ለቀው ይነሳሉ፣ መልሰው ይመቱታል፣ እንደገና ይነሳሉ። ሹፌሩ ጭንቅላቱ ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። ነዳጅ ካልቀነሰ የሆነ ነገር ይሰበራል። ከቀነሰ ስሌዱ ያስቆመዋል። ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 70 ሜትር ባለው ላይ ይቀር ነበር።

የተሰበረ ክሮቼራ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ (የካርዳን ሻፍቱ) መስቀል መገጣጠሚያ፣ ይዞልን መጣ። መስቀሉ አንደኛው ክንዱ ከሥሩ ተገንጥሏል። የተሰበረበት ፊት ሻካራና ግራጫ ነው። በድካም ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ብረት ላይ የሚታየው ለስላሳ፣ እርከን እርከን ያለው ምልክት የለበትም። በአንድ ምት የተቆረጠ ብረት ነው። ይህች ስባሪ ብዙ ነገር ነገረችን። ሞተሩ በተከታታይ የሚሰጠው ጉልበት አይደለም የሰበረው። ጎማው አየር ላይ እያለ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ወርዶ አፈሩን ሲነክስ በቅጽበት ይገታል፤ ያ ሁሉ ሽክርክሪት በካርዳን ሻፍቱ በኩል እንደ መዶሻ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የርቀት ብቻ አልነበረም። ሹፌሩ ሥር የሚሽከረከር ብረት ሲበጠስ ሰው ይጎዳል። ብዙ ክለቦች በካርዳን ሻፍቱ ዙሪያ የብረት መከለያ የሚያስገድዱት በከንቱ አይደለም።

ከእኛ በፊት የተሞከረው

አንድ ሌላ ጋራዥ አራቱንም ሾክ በጠንካራ ቀይሮለት ነበር። ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ በኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ተጨመረ። ትንሽ የተሻለ መሰለ፣ ሁለት ውድድር አልቆየም። በመጨረሻ መንጠቆው ደንቡ እስከሚፈቅደው ከፍታ እንዲደርስ ተብሎ ኋላዋ ከፍ ተደረገ። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የ10 ሳንቲ ሜትር ብሎክ ገባ። ፊቷ ወደ ታች እንዳይደፋ ከሞላዎቹ በላይ ማስነሻ ተደረገ። ከዚያ በኋላ መንጠሩ ባሰ።

ባሌስትራ መጨመር አገር ቤትም የታወቀ መላ ነው። አይሱዙ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቅጠል ይደረብለታል፣ ይሠራልም። ምክንያቱም እዚያ ችግሩ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ክብደት ነው። እዚህ ግን ባሌስትራው እየተጎዳ ያለው በሌላ አቅጣጫ ነበር። ይህን ያወቅነው ካየን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ማየት

ክለቡ ከውድድሩ ወቅት በፊት የሙከራ ቀን ያዘጋጃል። ስሌዱ እውነተኛው ነው፣ ውጤት ግን አይያዝም። በዚያ ቀን ምንም ዕቃ ሳንቀይር እንዳለች እንድትጎትት አደረግን።

ዝግጅቱ ርካሽ ነበር። በባሌስትራው ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም ሰመርን። በጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው እስከ ጥርሱ ድረስ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ጣልን። ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ላይ ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ፕላስተር ለጠፍን። የኋላው ሾክ ዘንግ ላይ ደግሞ ግሪስ በስሱ ቀባን፣ ምን ያህል እንደሚገባና እንደሚወጣ ምልክት እንዲተው። ከዚያ ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ በሚያሳይ ስልክ ከመንገዱ ዳር፣ ከመከለያው ውጭ ሆነን ቀረጽን።

ያየነው ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሸክሙ ሲከብድ ነጩ መስመር ቀጥ ብሎ አልቆየም። ከአክስሉ በፊት ያለው ግማሽ ወደ ላይ ጎበጠ፣ ከኋላ ያለው ወደ ታች ረገበ። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አለ። ባሌስትራው እንደ ተለጠጠ ቀስት ሆኖ ለቅጽበት ቆየ። ከዚያ ጎማው አፈሩን ለቀቀ፤ መስመሩ ተስፈንጥሮ ቀና፣ አልፎም በተቃራኒው ጎበጠ። አክስሉ ወደ ታች ተመታ። ጎማው እንደገና ነከሰ፣ ባሌስትራው እንደገና ተጠማዘዘ። ይህ እየተደጋገመ በየዙሩ እያደገ ሄደ።

ወደ ሾኩ ስንመለስ ግሪሱ ላይ የታየው እንቅስቃሴ በጣም ትንሽ ነበር። ባሌስትራው ያን ያህል ሲጠማዘዝ ሾኩ ሥራ ፈትቶ ነው የዋለው። ሾክ የሚገታው የአክስሉን መውጣትና መውረድ ነው። አክስሉ በራሱ ዙሪያ ሲዞር ግን ብዙም አይሰማውም። አራት አዲስ ሾክ ለምን ምንም እንዳልፈየደ በዚህች ምልክት ተገለጠልን።

የጠመኔው መስመርም ተናገረ። ጎማው ሲነክስ መስመሩ ይጣመማል፣ ሲለቅ ይስፈነጠራል። የጎማው ጎንም ጉልበት እያጠራቀመ ነበር።

የኋላው አክስል

ጎማ ወደ ፊት ሲዞር አክስሉን ወደ ኋላ ሊያዞረው ይሞክራል። ይህን የሚይዘው ባሌስትራው ብቻ ነው። ፋብሪካው ባሌስትራውን የሠራው ጭነት እንዲሸከም ነው፤ መንገድ ላይ ለሚገጥመው የመጠምዘዝ ኃይልም ይበቃል። ስሌድ ግን ሌላ ነገር ነው። የተጨመረው ብሎክ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ባሌስትራው ከአክስሉ መሐል በራቀ ቁጥር አክስሉ የሚጠመዝዝበት እጀታ ይረዝማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ብሎኩን ማውጣት ነው። ኋላዋ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመለሰ። የወረደውን የመንጠቆ ከፍታ መኪናዋን ሳናነሳ የመንጠቆውን ሳህን ብቻ ከፍ አድርገን መለስነው። መንጠቆው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ስለሆነ ይህ የብየዳና የቡሎን ሥራ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የድጋፍ ዘንግ መጣ፣ እነሱ ትራክሽን ባር የሚሉት። ከአክስሉ ሥር ተነስቶ ወደ ፊት ሻንሲው ላይ የሚያርፍ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ። ባለቤቱ ከጓደኛው ያገለገለ ጥንድ ገዝቶ ነበር። ጫፎቹ ጎሚኒ (የጎማ ቡሽ) ነበሩ፣ የሻንሲው ማያዣም ስስ ላሜራ ነበር። እንዳለ ገጥመን ስንሞክረው መንጠሩ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ከዚያም በላይ፣ በብየዳው ጫፍ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች።

ለምን እንደተሰነጠቀ ሒሳቡ ቀላል ነው። የኋላ ጎማዎቹ በጋራ 1,500 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ ብለን እንያዝ። የጎማው ራዲየስ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አክስሉን የሚጠመዝዘው ኃይል ከ600 ኪሎ ግራም ሜትር በላይ ይሆናል። ዘንጉ ከአክስሉ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተያዘ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል በዚያች አጭር ርቀት ሲመለስ እያንዳንዱ ዘንግ ሻንሲውን ከ1,000 ኪሎ በላይ ይገፋዋል። በሚነጥር መኪና ላይ ደግሞ ግፊቱ እየተመታ ነው የሚመጣው። ስስ ላሜራ ይህን አይችልም።

ማያዣውን እንደገና ሠራነው። ወፍራም ላሜራ በሻንሲው ጎን ላይ በርዝመቱ ተዘርግቶ በቡሎን ተያዘ። ብየዳው በሻንሲው ርዝመት ሄደ፤ የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አቋርጦ የሚሄድ ብየዳ አልተደረገም፣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነውና። የጎንደሩ ልጅ ብየዳውን በአንድ ትንፋሽ አልጨረሰውም። እየከፋፈለ፣ በመሐል እያስቀዘቀዘ ነው የሠራው። ጎሚኒዎቹን አውጥተን በሁለቱም ጫፍ የብረት ኳስ መገጣጠሚያ አስገባን። ጎማ ነገር ራሱ ስፕሪንግ ነው፤ አንድ ስፕሪንግ ለመቆለፍ ሌላ ስፕሪንግ ማስገባት ትርጉም የለውም። ዋጋው ጩኸት ነው። አስፋልት ላይ ከሥሯ ድምፅ ትሰጣለች። ባለቤቱን አስቀድመን አስጠነቀቅነው፣ ተቀበለው።

ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ነው ያስተካከልነው፣ ያውም ድርቆሹ ተጭኖ ባለበት ቁመት። በጣም አጭር ወይም በጣም ያዘነበለ ዘንግ ባሌስትራው ሲወርድ ሲወጣ ይጣላዋል፣ መኪናውም ሲጫን ድርቅ ይላል። ክሪክ ሥሯ አስገብተን እያነሳንና እያወረድን የሚነካ ነገር እንደሌለ አየን። ይህ እርምጃ ለውድድር ብቻ በተሠራ መኪና ላይ ያን ያህል አያስጨንቅም። ለሥራ መኪና ግን ግዴታ ነው።

መንጠሩ ወደ ፊት ሲዛወር

በሚቀጥለው ሙከራ ኋላዋ ጸጥ አለ። ነጩ መስመር ቀጥ እንዳለ ቆየ። ነገር ግን 70 ሜትር አካባቢ ፊቷ መንጠር ጀመረ። ባለቤቱ አዲስ ብልሽት መጣ ብሎ ደነገጠ። አዲስ አልነበረም። ከዚህ በፊት ኋላዋ ቀድሞ ስለሚያስቆማት የፊቱ ተራ አይደርሰውም ነበር።

መንጠቆው ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚጎተት ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። መኪናዋ በ2,000 ኪሎ ኃይል ስትጎትት፣ መንጠቆው 66 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ፣ አክስሎቹ 357 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 370 ኪሎ ገደማ ይነሳል። ሰንሰለቱ ወደ ታች የሚስበው ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። ፊቷ ይቀላል፣ ሞላው ይለጠጣል፣ ፊቷ ቀና ይላል። ፕላስተሩ ላይ የታየውም ይህ ነው፤ የፊት ሞላው የመለጠጫ ጫፉ ላይ ደርሶ እየተመታ ነበር።

ከሞላው በላይ የገባው ማስነሻም የራሱን አድርጓል። ፊቷ ሲነሳ ክንዶቹ ከሻንሲው ወደ አክስሉ ቁልቁል ያዘነብላሉ። የፊት ጎማ ሲጎትት የታችኞቹ ክንዶች ይወጠራሉ። ያዘነበለ ክንድ ሲወጠር አክስሉን ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይስበዋል። ጎማው ይቀላል፣ ይንሸራተታል፣ ውጥረቱ ይለቃል፣ አክስሉ ይወድቃል፣ እንደገና ይነክሳል። ከኋላው ጋር አንድ ዓይነት ዙር ነው፣ መንገዱ ብቻ ይለያል።

ማስነሻውን አወጣን። ክንዶቹ ወደ ቀጥታ ቀረቡ። ከኋላ ካሳው (የጭነት ሣጥኑ) ላይ የነበረውን ተጨማሪ ክብደት ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ከፊት በተሠራ ማንጠልጠያ ላይ አዛወርነው። ከዚያ የፊት አክስሉንና ሻንሲውን የሚያገናኝ ማገጃ አደረግን፤ ፊቷ ከቆመችበት ከፍታ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይነሳ። አሁን አካሉ ሊነሳ ከፈለገ አክስሉንና ጎማውን ይዞ ነው መነሳት ያለበት። ማገጃው ለመንገድ ሲሆን በፒን ይፈታል።

የጎማ ንፋስ

ባለቤቱ ከሌሎች ሰምቶ የጎማውን ንፋስ እስከ 15 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያወርደው ነበር። ንፋስ ሲወርድ ጎማው ይተኛል፣ ብዙ አፈር ይነካል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ለዚህች መኪና ክብደት 15 በጣም ያነሰ ነበር። የጠመኔው መስመር ላይ ያየነው መጣመም ከዚያ የመጣ ነው።

አብዛኛው ትራክተር ስፕሪንግ የለውም፣ ግን እርሻ ላይ ይነጥራል። የሚነጥረው በጎማው ላይ ብቻ ነው። ገበሬዎች መጀመሪያ የሚነኩትም የፊትና የኋላ ንፋሱንና የክብደት አደላደሉን ነው። የባለመኪናው አባት ይህን ነገር ከእኛ በላይ ያውቀው ነበር። ሜዳው ዳር ቆሞ "በመጀመሪያ ንፋሱን ሞክሩልኝ" ያለን እሱ ነው።

ንፋሱን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረግን። ኋላው 28 ላይ፣ ፊቱ 32 ላይ ሲሆን መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆየ፣ ጎማውም ነከሰ። ከዚያ በላይ ስንሄድ መንሸራተት መጣ። እነዚህ ቁጥሮች ለዚህች መኪና፣ ለእነዚህ ጎማዎች፣ ለዚያ አፈር ናቸው። ሌላ ሰው ገልብጦ ቢጠቀምባቸው አልመክርም። አካሄዱን ግን ይውሰድ።

ያልሠራው

ለፊት ማገጃ መጀመሪያ የተሞከረው የናይለን ቀበቶ ነበር። ተለጠጠ። ሲለጠጥ ደግሞ መልሶ ይስባል፣ ፊቷም በሌላ ምት ተነሳች። በሰንሰለትና በማጥበቂያ ተተካ።

ጠንካሮቹን ሾኮች ከኋላ አንስተን መካከለኛ ጥንካሬ ባላቸው ለውጠን አየን። በመንጠሩ ላይ ለውጥ አላመጣም። ለመንገድ ግን ተመችቷታል፣ ስለዚህ እንዳሉ ቀሩ። የተጨመረውን ባሌስትራም አልነካነውም፤ ለድርቆሹ ይጠቅማል።

ሹፌሩ ነዳጅ ቀስ እያለ እንዲሰጥም ሞከርን። መነሻው ላይ ረዳ። መሐል ላይ ግን ስሌዱ ጊዜ አይሰጥም። በእግር ብልሃት የሚድን ነገር አልነበረም።

ውጤቱ

በዚያው ወቅት ኋላዋ ዳግመኛ አልነጠረም። ከ70 ሜትር በታች መቅረት ቀረ። ባለቤቱ አንድ ምሽት 88 ሜትር ላይ ቆመ፣ ሌላ ምሽት ሙሉውን ጎተተ። የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ክሮቼራም ሆነ ሌላ ነገር ሳይሰበር ወቅቱ አለቀ፤ ሰኞ ሰኞም ድርቆሹ አልቀረም።

አንድ ምሽት ላይ ግን ፊቷ ትንሽ ነጥሯል። ሜዳው ጭቃ ቢጤ ሸክላ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ በሮለር ተጠቅጥቆ በጣም ይነክስ ነበር። እንደዚያ ያለ አፈር ጎማውን በቀላሉ አይለቅም። ሲለቅ ደግሞ በአንዴ ነው። የዚያን ቀን ሰንሰለቱን ስናየው ረገብ ብሎ ነበር። ሙሉ ምክንያቱ እሱ ይሁን አይሁን በዚያ አንድ ምሽት ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ብሎክ ገብቶ ከፍ የተደረገ ሃይሉክስ ዳገት ላይ፣ ኮረኮንች ሲረግጥ ኋላው የሚደልቅ ከሆነ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሾክ ከመግዛት በፊት በባሌስትራው ጎን ላይ መስመር ይሰመርና በስልክ ይቀረጽ። መስመሩ ከጎበጠ ነገሩ የመጠማዘዝ ነው። ቀጥ ብሎ አካሉ ብቻ ከወረደና ከወጣ የሾክ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፣ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም።

አንድ ቦታ ሲጠነክር ቀጥሎ ያለው ደካማ ቦታ ብቅ ይላል። ይህን ለባለንብረቱ ከሥራው በፊት መንገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ችግር ሲመጣ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ያመጣው ይመስለዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርም እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ብሎኩን፣ ዘንጉንና ንፋሱን በአንድ ቀን ብንለውጥ ኖሮ ሾኩ ምንም እንዳልሠራ፣ ንፋሱ ምን ያህል እንደረዳ ለይተን አናውቅም ነበር።

ከፍ ማድረግ የሚያስፈልገው መንጠቆውን ከሆነ መንጠቆውን ብቻ ከፍ ማድረግ ነው። መኪናውን ማንሳት ባሌስትራውንም የፊት ክንዶቹንም አብሮ ያበላሻል። በዚህች መኪና ላይ ከወጣው ብር ትልቁ ክፍል የወጣው ይህ ሳይታይ በፊት ነበር።

የባሌስትራ ስታፋዎች፣ ማለትም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖች፣ ብሎክ ወጥቶ ከታሰሩ በኋላ ይላላሉ። ስታፋ ሲላላ አክስሉ ይንሸራተታል፣ መሐል ያለው ቡሎንም ይቆረጣል። አዲስ ስታፋ ነው ያስገባነው፤ ከመጀመሪያው ጉተታ በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ በቶርክ መፍቻ እንደገና አጠበቅነው፣ ከዚያ በኋላም ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት። የዘንጉ የኳስ መገጣጠሚያዎችም አብረው ይታያሉ፣ ጨዋታ ካላቸው ይለወጣሉ። ለሚቀጥለው ወቅት የቀረን የፊት ሰንሰለቱን ማጥበቂያ የማይላላ ዓይነት ማድረግና በዚያ በሚነክስ ሸክላ ላይ እንደገና መቅረጽ ነው።